የትኛውን ቤዝ ጊታር እንያዝ፥ የትኛውንስ እንሽጥ?

የማኅበራችን የሙዚቃ ክፍል በኦቶና ባለው የልምምድ ቤቱ አራት ቤዝ ጊታሮች አሉት። አራቱም በአንድ ጊዜ የተገዙ አይደሉም፤ ከፊሎቹን ተመርቀው የሄዱ ተማሪዎች ትተውልን የሄዱ ሲሆን ከፊሎቹ በአባሎች መዋጮ የተገኙ ናቸው። ቤዙ አራት ቢሆንም ድምፁን የሚያወጣልን ስፒከር ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ባለፈው መንፈቅ ተቀደደ። አዲስ ለመግዛት በሣጥናችን ያለው ገንዘብ አይበቃም። ስለዚህ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ከአራቱ አንዱ፥ ወይም ሁለቱ እንዲሸጡ ሐሳብ ቀርቧል። የትኛው እንደሚሸጥ የሚወስነው የአባሎች ሁሉ ድምፅ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ቤዝ የምንጫወት ጥቂት ተማሪዎች ነን። እውነቱን ለመናገር በመካከላችንም ፍጹም ስምምነት የለም፤ አንዱ አንጀቱ የሚወደውን ሌላው አንሥቶ ለመቃኘት እንኳ ይታክታል። ነገር ግን ድምፅ ከሚሰጡት አባሎች የሚበዙት ቤዝ ነክተው የማያውቁ ስለ ሆኑ፥ እጃቸውን ከማንሣታቸው በፊት የመሣሪያዎቹን ጠባይና ልዩነት ቢረዱ መልካም ነው ብለን አሰብን። የራሳችንን አስተያየት በመጨረሻ እናቀርባለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ቤዝ ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ቤዝ ጊታርን ከተራው ጊታር የሚለየው በመጠኑና በአውታሩ ቁጥር ብቻ ነው። በእርግጥ ተራው ጊታር 6 አውታር ሲኖረው ቤዙ እንደ ልማዱ 4 አውታር አለው፤ ድምፁም በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል። ዋናው ልዩነት ግን የሥራው ነው። ድራሙ ጊዜውን ይቆጥራል፤ ኪቦርዱና ጊታሩ ዜማውን ያስጌጣሉ፤ ቤዙ በሁለቱ መካከል ቆሞ ምቱንና ዜማውን ያስተሳስራል። ወደ አንድ ቤት እንግዳ ሆኖ የገባ ሰው ግድግዳውንና ምንጣፉን ያደንቃል እንጂ ምሰሶውን አያመሰግንም። ምሰሶው ዘንበል ያለ ዕለት ግን ሁሉም ቀና ብሎ ያየዋል። ቤዝም እንደዚሁ ሲቋረጥ ነው የሚታወቀው።

ይህ ሥራ ከባሕር ማዶ አብሮ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። በገና 10 የጅማት አውታሮች አሉት፤ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ፥ ማለትም እንዝራው፥ ያንን ደረት የሚነካ ወፍራም ድምፅ ይሰጠዋል። እምቢልታ ሦስት ሰዎች ተባብረው የሚነፉት ነው፤ እያንዳንዱ የሚያወጣው አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ አንዱ ለብቻው ዜማ አይሆንለትም። ከኦሞ ወንዝ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን የዳውሮ ሰዎች ደግሞ ዲንካ የሚባለውን ከቀርከሃና ከቀንድ የሚሠራ ረጅም መለከት በኅብረት ይነፋሉ። የዲንካው ርዝመት በጨመረ መጠን ድምፁ ይወፍራል፤ ረጅሙ ከሰው ቁመት እጅግ ይበልጣል። ረጅሙን የያዘው ሰው ጎልቶ አይዘፍንም፤ ነገር ግን እርሱ ተነሥቶ ቢሄድ የሌሎቹ ድምፅ መሬት አጥቶ ይንሳፈፋል። በዛሬዎቹ የባህል ባንዶችም ቤዝ ክራር የሚባል፥ ድምፁ በኤሌክትሪክ የሚጎላ ትልቅ ክራር ይህንኑ ሥራ ሲሠራ እናገኘዋለን።

እንግዲህ ለቤዝ የሚቀርበው የመጀመሪያው ጥያቄ «ብቻውን ሲመታ ያምራል ወይ?» የሚል ሊሆን አይገባም። «ሌሎቹን ይሸከማል ወይ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

እንዴት ተፈጠረ፥ ወደ እኛስ እንዴት ደረሰ?

ከኤሌክትሪኩ ቤዝ በፊት ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው የሚያህለው ኮንትራባስ ነበር። ለመጓጓዝ ያስቸግራል፤ በመለከትና በድራም መካከል ድምፁ ይዋጣል፤ በአንገቱ ላይ ምልክት ስለሌለው ድምፁን በትክክል ማግኘት የብዙ ዓመት ልምምድ ይጠይቃል። በ1930ዎቹ አጋማሽ ፖል ቱትማርክ የተባለ የሲያትል ሰው በእቅፍ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ገበያ አላገኘም። ነገሩን ለዓለም ያዳረሰው በካሊፎርኒያ የሬዲዮ ጠጋኝ የነበረው ሊዮ ፌንደር ነው። በ1951 ያወጣውን ቤዝ «ፕሪሲዥን» ብሎ ሰየመው፤ ትርጉሙ ትክክለኛነት ማለት ነው። ስሙ ከንቱ ውዳሴ አልነበረም፤ በአንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት ፍሬቶች ጣት የት እንደሚያርፍ ስለሚወስኑ፥ ትናንት የጀመረ ሰውም ቢሆን ከቅኝት አይወጣም።

ከዚያ በኋላ ዓይነቱ በዛ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የጀርመኑ ሆፍነር ቫዮሊን የሚመስል፥ ሆዱ ባዶ የሆነ፥ ቀላል ቤዝ አወጣ፤ ፖል ማካርትኒ በ1961 በሐምቡርግ ከተማ ገዝቶት በዓለም ታወቀ። በ1960 ፌንደር አንገቱ ቀጠን ያለውን «ጃዝ ቤዝ» ጨመረ። በ1976 «ስቲንግሬይ» የተባለው ቤዝ በሆዱ ውስጥ ባትሪና ድምፅ የሚያጠናክር መሣሪያ ይዞ ገበያ ላይ ዋለ። ባለ አምስት አውታሩ ቤዝ ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት ተለመደ።

ወደ አገራችን ሙዚቃ ስንመለስ፥ የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች የነፋስ መሣሪያ የሚበዛባቸው ትልልቅ ጓዶች ነበሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በሆቴልና በክበብ የሚጫወቱ ትንንሽ ባንዶች ሲነሡ፥ የተጫዋቹ ቁጥር ስላነሰ የእያንዳንዱ ሥራ ከበደ፤ ቤዙም ወደ ፊት መጣ። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «እረ መላ መላ» የሰማ ሰው የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ሰምቷል። ይኸው ባንድ በኋላ ሮሃ ተብሎ በ1980ዎቹ ዓመታት እጅግ ብዙ ዘፋኞችን በካሴት አጅቧል። የዋልያስ ባንድ በ1977 ባወጣው «ቸበለው» በተባለው አልበም ቤዙን የያዘው መላከ ገብሬ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ልብ ብለን ስናዳምጥ አንድ ነገር እናስተውላለን፤ ቤዙ አጭር መስመር ይዞ ሳይታክት ይደጋግማታል፤ ዘፋኙና ሳክስፎኑ በዚያች መስመር ላይ ቆመው እንዳሻቸው ይመላለሳሉ። ቤዙ መስመሩን ትቶ ለመታየት ቢሮጥ ኖሮ ያ ሁሉ ጌጥ ማረፊያ ባልነበረው።

ከእነርሱ በኋላ የመጡትም አሉ። ሄኖክ ተመስገን በአሜሪካ በርክሊ ተምሮ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በአዲስ አበባ ጃዝአምባ የተባለውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። ቶማስ ጎበና ደግሞ ጎጎል ቦርዴሎ በተባለው የኒው ዮርክ ባንድ ቤዝ እየተጫወተ በ2009 የራሱን አልበም አውጥቷል። እኛ የወላይታና የአካባቢው ልጆች ግን ብዙዎቻችን ቤዝን በዓይናችን መጀመሪያ ያየነው በቦዲቲ፥ በአረካ፥ በሶዶ አብያተ ክርስቲያናት ከመዘምራን ጎን ነው። ይህንን መርሳት አይገባም፤ በየዓመቱ ወደ ሙዚቃ ክፍላችን የሚመጣው አዲስ ተማሪ ወይ እዚያ ዳር ቆሞ ሲያይ የኖረ፥ ወይም ከነጭራሹ ነክቶት የማያውቅ ነው።

አራቱ መሣሪያዎች

የመጀመሪያው የፕሪሲዥን ቅጂ ነው። ባለ 4 አውታር፥ ከባድ፥ ቀለሙ የተላላጠ፥ ሁለት ቁልፍ ብቻ ያለው ነው፤ አንዱ ለድምፅ መጠን፥ አንዱ ለድምፅ ቃና። ሁለተኛው የጃዝ ቤዝ ቅጂ ነው፤ አንገቱ በላይኛው ጫፍ 3.8 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሰፋ ለጣት ይመቻል፤ ሁለት ፒካፖች ስላሉትም ድምፁን መለዋወጥ ይቻላል። ሦስተኛው ባለ 5 አውታር፥ በባትሪ የሚሠራ፥ ከሁሉ አዲስና ከሁሉ ውድ ነው። አራተኛው ቫዮሊን መሳዩ አጭር ቤዝ ነው፤ የሌሎቹ አውታር ከበርኩማ እስከ አናት 86.4 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የእርሱ 76.2 ሳንቲ ሜትር ነው።

የእነዚህን ልዩነት ለመረዳት ፒካፕ የሚባለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ፒካፕ ማለት ቀጭን የመዳብ ሽቦ በብዛት የተጠመጠመበት ማግኔት ነው። የብረቱ አውታር በማግኔቱ ፊት ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ያንን አምፕሊፋየሩ አጉልቶ ወደ ስፒከሩ ይልካል። ችግሩ ግን ሽቦው የአውታሩን ብቻ ሳይሆን በግድግዳውና በጣሪያው ውስጥ የሚያልፈውን የመብራት ኃይል ጭምር ይለቅማል። መሣሪያውን ሰክተን ሳንነካው «እምምም» የሚለው ጉምጉምታ ከዚህ የመጣ ነው።

በአገራችን የመብራት ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በቤዝ ወፍራም አውታር በ3ኛው ፍሬት ላይ የሚገኘው ጂ የተባለው ድምፅ ደግሞ በሴኮንድ 49 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ እጅግ ስለሚቀራረቡ፥ ዘፈኑ በጂ ሲሆን ጉምጉምታው ከቤዙ ጋር እየተጋጨ ድምፁን ያንገዋልለዋል። የኤሌክትሪክ መስመሩ መሬት በደንብ ባልያዘበት አዳራሽ የሚጫወት ሁሉ ይህን ያውቃል።

በዚህ ረገድ ፕሪሲዥኑ ይበልጣል። ከ1957 ጀምሮ የዚህ ዓይነት ቤዝ ፒካፕ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች በተቃራኒ ስለተገጠሙ አንዱ የለቀመውን ጉምጉምታ ሌላው ይሽረዋል፤ የአውታሩ ድምፅ ግን እንዳለ ይቀራል። ጃዝ ቤዙም ሁለቱ ፒካፖች እኩል ሲከፈቱ እንዲሁ ጸጥ ይላል፤ አንዱ ተዘግቶ በአንዱ ብቻ ሲጫወቱበት ግን ጉምጉምታው ይመለሳል። እንግዲህ የሚመሰገንበት የድምፅ መለዋወጥ በእኛ አዳራሽ ግማሹ ሊሠራበት የማይቻል ይሆናል።

ባለ አምስት አውታሩ በባትሪው ኃይል ድምፁን ጠርቶና ጠንክሮ ያወጣል፤ ጉምጉምታም አያበዛም። ነገር ግን ባለ 9 ቮልቱ ባትሪ ሲደክም ድምፁ እየሻከረ ሄዶ ይጠፋል። ገመዱ ተሰክቶ ካደረ ደግሞ ማንም ሳይጫወትበት ባትሪው ያልቃል፤ ማብሪያና ማጥፊያው ያው የገመዱ መሰኪያ ነውና። ብዙ እጅ በሚነካው መሣሪያ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አጭሩ ቤዝ በመድረክ ላይ ከሁሉ ደካማው ነው፤ ድምፁ ክብ ሆኖ ጫፍ የለውም። ነገር ግን አውታሩ ላላ ያለ፥ ፍሬቶቹ የተቀራረቡ ስለ ሆኑ የጀማሪ ጣት አይደክምም። ደግሞም ሆዱ ባዶ ስለ ሆነ ሳይሰካ ለተጫዋቹ ለራሱ በሚበቃ ድምፅ ይሰማል። መብራት ሲጠፋ ሌሎቹ ሦስቱ እንደ እንጨት ሲቆሙ እርሱ ብቻ ለልምምድ ይሆናል።

ቤዙ የሚሰማው በየት ነው?

መሣሪያውን ብቻ አይቶ መፍረድ አይበቃም፤ የሚጫወቱበትንም ቦታ ማየት ያስፈልጋል። የልምምድ ቤታችን ከኦቶና ሆስፒታል ብዙ አይርቅም። ድምፅ በወፈረ መጠን ግድግዳን አልፎ ለመሄድ ይበረታል፤ ሩቅ ካለ ሠርግ ቤት ከዘፈኑ ይልቅ ድምድምታው የሚሰማን በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ እኛ በምሽት ስንለማመድ ወደ ሕሙማኑ አልጋ የሚደርሰው የዘፋኛችን ድምፅ ወይም የኪቦርዱ ጌጥ አይሆንም፤ ቤዙ ነው። እንግዲህ ለእኛ የሚያስፈልገው ዝቅ ተደርጎ ሲከፈት ጠርቶ የሚሰማ ቤዝ እንጂ ጥልቀቱ እንዲታወቅ ከፍ መደረግ ያለበት አይደለም።

በዚህ ላይ የስፒከሩ ነገር አለ። የ4 አውታሩ ወፍራም ድምፅ ኢ የተባለው ሲሆን በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል። የአምስተኛው አውታር ቢ ደግሞ 31 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ይህን ድምፅ በሚገባ ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት የሚችል ትልቅ ስፒከር ያስፈልጋል። በትንሽ ስፒከር መሠረቱ ድምፅ ሳይወጣ ከእርሱ በላይ ያሉት ረቂቅ ድምፆች ብቻ ይወጣሉ፤ ጆሮም ከእነርሱ ተነሥቶ የጎደለውን በግምት ይሞላል። በዝግታ ሲመታ ይህ ያስኬዳል፤ በወላይታ የወገብ ጭፈራ ፍጥነት ሲሆን ግን ድምፆቹ እርስ በርሳቸው ይለዋወሳሉ። ጥልቁን ድምፅ በግድ ለማሰማት ቁልፉን ሲያዞሩትም የስፒከሩ ወረቀት ከልኩ በላይ እየተወረወረ ይቀደዳል። ባለ አምስቱን ይዘን አነስተኛ ስፒከር ከምንገዛ፥ ባለ አራቱን ይዘን ደህና ስፒከር ብንገዛ ይሻላል የሚለው ክርክር መነሻው ይህ ነው።

ይህን በቃል ብቻ ላለመተው በውሰት ባገኘነው ስፒከር አራቱንም በየተራ አስሰማን፤ አድማጮቹ ጓደኞቻችን ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠው ነበር። ለብቻው ሲመታ ያደነቁት ባለ አምስት አውታሩን ነው። ድራም፥ ኪቦርድና ዘፋኝ ሲጨመሩ ግን «ይህኛው ጠርቶ ተሰማ» ያሉለት የተላላጠው ፕሪሲዥን ሆነ። ጃዝ ቤዙን ከፕሪሲዥኑ በእርግጠኝነት የለየ ሰው አልተገኘም።

ቅኝቱስ ምን ይጠይቃል?

ከእኛ መካከል ለባለ አምስት አውታሩ የሚከራከር፥ እጁም የተባ ጓደኛ አለን። ክርክሩ እንዲህ ነው፤ ዘፋኝና መዘምር እንደ ጉሮሮው ከፍታውን ይለዋውጣል፤ ዛሬ በኤፍ የተለማመደውን ነገ በዲ ወይም በኢ-ፍላት እንሥራው ይላል፤ ባለ አራት አውታሩ ደግሞ ከኢ በታች ስለማይወርድ መስመሩን ወደ ላይ ለመገልበጥ ይገደዳል፤ ያን ጊዜ ምሰሶው ከመሬት ይነሣል። ይህ እውነት ነው፤ ተገቢ ክርክርም ነው። መልሱ ግን ቀላል ነው። ወፍራሙን አውታር ከኢ ወደ ዲ ማላላት የአንድ መቃኛ ዙር ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ኢ-ፍላትም ዲም ይገኛሉ። ከዲ በታች የሚሻ ዘፈን በእኛ መድረክ እስካሁን አልገጠመንም።

ከዚህ ይልቅ የአገራችንን ዘፈን የሚጫወት ቤዝ ዋና ፈተናው ቅኝቱን ማወቅ ነው። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው። የቤዝ ልማድ ደግሞ ከመነሻው ድምፅ ወደ አምስተኛው መመላለስ ነው፤ መነሻው ሲ ከሆነ ወደ ጂ ማለት ነው። በትዝታ፥ በባቲና በአምባሰል ይህ ልማድ ይሠራል፤ ጂ በሦስቱም ውስጥ አለና። አንቺሆዬ ግን ከሲ ሲነሣ ሲ፥ ዲ-ፍላት፥ ኤፍ፥ ጂ-ፍላትና ኤ ነው፤ ጂ የለበትም። በልማድ ወደ ጂ የሚሮጥ ጣት ከዘፋኙ ጋር ይጋጫል፤ አዋቂው ግን ኤፍን ማረፊያ አድርጎ ያልፋል። ይህ እውቀት በአራት አውታርም ይቻላል፤ አምስተኛው አውታር አይጨምረውም።

ሌላ ጓደኛችን ደግሞ የጃዝ ቤዙ ፍሬቶች ተነቅለው እንደ መሰንቆ ጣት እያንሸራተቱ እንዲጫወቱበት ሐሳብ አቅርቧል። አሜሪካዊው ጃኮ ፓስቶሪየስ በ1962 በተሠራው ጃዝ ቤዙ እንዲህ አድርጎ የዓለምን ጆሮ ለውጧል። ሐሳቡ ያጓጓል፤ ነገር ግን ፍሬት የሌለው ቤዝ የሚታዘዘው ለበሰለ ጆሮ ብቻ ስለ ሆነ፥ ለአንድ ሰው ጠቅሞ ለብዙ ጀማሪ በሩን ይዘጋል።

ስለ ማቆየት

ታላላቆቹ ተጫዋቾች ብዙ መሣሪያ በማከማቸት አልታወቁም። በዲትሮይት የሞታውንን ዘፈኖች ያጀበው ጄምስ ጀመርሰን አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በ1962 በተሠራ አንድ ፕሪሲዥን፥ በአንድ ሌባ ጣት ነው፤ አውታሩንም ካልተበጠሰ በቀር አይለውጥም ነበር ይባላል። የማካርትኒ የ1961 ሆፍነር በ1972 ተሰርቆ፥ መገኘቱ የተነገረው በ2024 ነው፤ ባለቤቱ በዓለም ያለውን ቤዝ ሁሉ ሊገዛ ሲችል ያቺኑ አንዷን ሲያስፈልግ ኖረ። መሣሪያ ከእጅ ጋር የሚተዋወቀው በዘመን ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች ግን ማቆየት ሌላም ትርጉም አለው። እኛ ሦስት ወይም አራት ዓመት ኖረን እንሄዳለን፤ መሣሪያው ይቀራል። ስለዚህ የሚቆየው መሣሪያ እኛ ከሄድን በኋላ የሚመጣው ተማሪ ሊጠግነው የሚችል መሆን አለበት። ፕሪሲዥኑ ውስጡ ሲከፈት ጥቂት ሽቦና ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ መበየጃ የያዘ የሬዲዮ ጠጋኝ ሁሉ ይሠራዋል። የባለ አምስቱ የባትሪ ክፍል ቢበላሽ ግን መለዋወጫው ከሩቅ ካልመጣ አይድንም። አውታርም ቢሆን ባለ አራቱ ይቀላል፤ አዲስ እስኪመጣ ድረስ አሮጌውን አውታር ጥቂት ደቂቃ በውሃ ቀቅሎ ማድረቅ ላቡንና ቆሻሻውን አስለቅቆ ለጊዜው ነፍስ ይዘራበታል። ክረምት ሲገባ የዳሞታ ዝናብና እርጥበት የአንገቱን እንጨት ያጎብጠዋል፤ ያን ጊዜ በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ በቁልፍ ሩብ ዙር፥ ከዚያም ያነሰ ማዞር ይበቃል። ይህን ሁሉ አዲስ ገቢ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊማረው ይችላል።

የእኛ አስተያየት

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች መሠረት አብዛኞቻችን የተስማማንበት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ባለ አምስት አውታሩ ይሸጥ። ከሁሉ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው እርሱ ነው፤ የአንድ እርሱ ዋጋ ደህና ስፒከር ሊገዛልን ይችላል። መልካም መሣሪያ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን የሚገባውን ድምፅ ሊሰማ የሚችለው እኛ በሌለን ስፒከርና እኛ በሌለን አዳራሽ ነው። የሚገዛው ሰው ከእኛ ይልቅ ይጠቀምበታል።

ሁለተኛ፤ ፕሪሲዥኑ ለመድረክ፥ አጭሩ ቤዝ ለጀማሪዎች ይቀመጡ። አጭሩን «መጫወቻ ነው፥ መጀመሪያ የሚሸጠው እርሱ ነው» የሚሉ አሉ። ዋጋው ግን ገመድ እንኳ በወጉ አይገዛም፤ ቢሸጥ ደግሞ ከነጭራሹ መሣሪያ የሌለው አዲስ ተማሪ የሚማርበትን ያጣል። የዛሬ ሁለት ዓመት በጊፋታ በዓል መድረክ ላይ ቤዝ የሚይዘው ሰው ዛሬ በዚያ አጭር ቤዝ ላይ ጣቱን የሚያለማምደው ነው።

ሦስተኛ፤ የጃዝ ቤዙ ጉዳይ በገንዘቡ ይወሰን። የመጀመሪያው ሽያጭ ለስፒከሩ ከበቃ ይቆይ፤ ካልበቃ እርሱም ይሸጥ። ፕሪሲዥኑ የሚሠራውን ሥራ የሚሠራ ስለ ሆነ መድረኩ በእርሱ መሄድ አይጎድልም።

የባለ አምስቱ ወዳጅ ጓደኛችን ይህን አይቀበልም። የሙዚቃ ክፍሉ በየዓመቱ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አያድግም፤ ዛሬ ጥሩውን ከሸጥን ነገ ጥሩ ተጫዋች ከየት ይመጣል? ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ክብደት አለው። እኛ የምንመልሰው ጥሩ ተጫዋች የሚመጣው ብዙ ጀማሪ ካለበት ቦታ ነው ብለን ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻው ፍርድ የእናንተ ነው።

ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራቱንም ቤዞች በልምምድ ቤቱ እናስሰማለን። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ለብቻው፥ ቀጥሎ ከድራምና ከዘፋኝ ጋር እንጫወታለን። ሁለቱን አስተያይታችሁ ስሙ። ቤዝ ነክታችሁ የማታውቁም ብትሆኑ ኑ፤ አንሥታችሁ ያዙት፥ ክብደቱን እዩት፥ ወፍራሙን አውታር አንድ ጊዜ መትታችሁ በደረታችሁ አድምጡት። ከዚያ በኋላ እጃችሁን አንሡ።